ሱባኤው ካለቀ በኋላ፦ የሥራ ቀን የጸሎት ሥርዓታችሁን ንገሩኝ

ወለተ ማርያም (አዲስ አበባ)

ሰላም ወንድሞችና እኅቶች፣ ለእመቤታችን የዕርገት በዓል እንኳን አደረሳችሁ።

ጥያቄዬ በተለይ በፈረቃ ለምትሠሩ ነው። እኔ ነርስ ነኝ። ዘንድሮ የዓመት ፈቃዴን በፍልሰታ ወስጄ ነበር። ጠዋት ኪዳን፣ ቀጥሎ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ፣ ከሰዓት ቅዳሴ። ማታ ቆሎና በሶ። ስልኬን እንኳ ማየት አላሰኘኝም። አሁን ጾሙ ተፈታ፣ ፈቃዱም አለቀ። አንድ ሳምንት የቀን፣ አንድ ሳምንት የሌሊት ዱቲ ይዣለሁ።

በሱባኤ የነበረውን እንዳለ ልቀጥል አላልኩም። አይቻልም። ግን ከዚያ ውስጥ የቱን ልያዝ? ጓደኛዬ በየቀኑ የዕለቱን ዳዊት ድገሚ ትለኛለች። ሌላዋ ደግሞ ጳጉሜንን ጹሚ፣ ከዚያ ጽጌን ያዢ ትላለች። እኔ የምፈልገው ግን ከእናንተ ኑሮ መስማት ነው። ስንት ሰዓት ትነሣላችሁ? ምን ታደርሳላችሁ? የት ቆማችሁ? ሥራ ቦታስ እንዴት ታደርጋላችሁ?

መምህረ ሰንበት (ደብረ ብርሃን)

እኅታችን፣ መልካም ጥያቄ ነው። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። የንስሐ አባትሽን ሳታማክሪ ሥርዓት አታውጪ። እኛ አናውቅሽም። እሳቸው ፈረቃሽንም፣ ጤናሽንም፣ የልብሽንም ያውቃሉ። ደግሞም ከእሳቸው ሲሆን፣ ስትፈጽሚው የምትመኪበት አይሆንም፤ ስታቋርጪም የሚጠይቅሽ ሰው አለ።

ስለ ሰዓቱ ከሆነ፣ ዳዊት በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ ባለው መሠረት ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት። ነግህ (ማለዳ)፣ 3 ሰዓት፣ 6 ሰዓት፣ 9 ሰዓት፣ ሠርክ (ምሽት)፣ ንዋም (የመኝታ ሰዓት) እና መንፈቀ ሌሊት (እኩለ ሌሊት)። እያንዳንዱ የሚታሰብበት ነገር አለው። በ3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ ወረደ። በ6 ሰዓት ጌታ ተሰቀለ። በ9 ሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ አሳልፎ ሰጠ። ጴጥሮስና ዮሐንስ ወደ መቅደስ የወጡትም በጸሎት ጊዜ፣ በ9 ሰዓት ነው።

ሥራ ላይ ያለ ሰው ሰባቱንም ከመጽሐፍ ያድርስ አይባልም። ሁለቱን ዳር፣ ነግህንና ንዋምን፣ አጥብቀሽ ያዢ። የመካከሉን በየሰዓቱ በአንድ አቡነ ዘበሰማያት አስቢው። የሌሊት ተረኛ መሆንሽንም እንደ ጉዳት አትቁጠሪው። ጳውሎስና ሲላስ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ የጸለዩት በመንፈቀ ሌሊት ነበር። እስረኞቹም ይሰሟቸው ነበር።

ዳዊትን በተመለከተ፣ የዕለቱ የሚባለው ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ነው። እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ለለመደው ሰው ጣፋጭ ነው። ላልለመደው ሠላሳ መዝሙር በአንድ ጠዋት ከባድ ነው። ከናይት ወጥታ ለምትገባ ነርስማ አልመክርም።

ገብረ መድኅን (ቨርጂኒያ)

እኔ ትራክ ሹፌር ነኝ። ከስቴት ስቴት ነው የምሄደው። ሳምንቱን ሙሉ ቤቴ አላድርም። እንዴት እንደማደርግ ልንገርሽ።

ስልኬ ላይ ሦስት አላርም አለ። እዚህ አቆጣጠር 9፣ 12 እና 3። በአገራችን 3፣ 6 እና 9 ሰዓት ማለት ነው። ሲጮህ እየነዳሁ ከሆነ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት እላለሁ። ቆሜ ከሆነ ወርጄ እጸልያለሁ። በዚህ ሥራ መጠበቅ ብዙ ነው። መጋዘን ደጃፍ እስኪያራግፉልኝ ሰዓታት እቆማለሁ። ድሮ ያ ጊዜ በስልክ ነበር የሚያልቀው። አሁን የእኔ 6 ሰዓት እዚያ ነው።

ጠዋት ሞተር ሳላስነሳ የዘወትር ጸሎትና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አደርሳለሁ። ከወንበሩ ኋላ፣ አልጋዬ ጋ፣ ትንሽ የኪዳነ ምሕረት ሥዕል አለችኝ። ካቢን ውስጥ ቀጥ ብሎ መቆም ይቻላል፤ ስግደት ግን አይመችም። እሱን ቤት ስገባ ነው።

ትልቁ ነገሬ ግን ቅዳሜ ነው። ሎድ፣ ማለትም የምወስደውን ጭነት፣ ስመርጥ እሑድ የት ከተማ እንደምነቃ አያለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ያለበት ከተማ ካልሆነ ብሩ ቢበዛም አልወስደውም። ባለቤቴ መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር። አሁን እሷው ናት የቅዳሴ ሰዓቱን ደውላ የምታጣራልኝ።

ማኅሌት ተ. (ባሕር ዳር)

ገብረ መድኅን፣ ዳዊት በድምፅ የሚሰሙ ሹፌሮች አውቃለሁ። እየነዱ መስማት እንደ ጸሎት ይቆጠራል?

ገብረ መድኅን (ቨርጂኒያ)

እኔም እሰማለሁ። ለእኔ እሱ ንባብ ነው። ልቤን ከሬዲዮ ወሬ ይጠብቅልኛል፣ ጥቅሱም በቃሌ እየገባ ነው። ግን ከጸሎቴ አልቆጥረውም። ጸሎት ስል ሌላ ነገር ሳልሠራ በእግዚአብሔር ፊት የቆምኩበትን ነው። አምስት ደቂቃም ብትሆን።

ደጉ ሳምራዊ (አዳማ)

ይህን ሁሉ ሳነብ ደስ ብሎኛል። አንድ የጎደለ ግን አየሁ። ሁላችንም ስለ ሰዓትና ስለ ምዕራፍ እያወራን ነው። ጌታ በማቴዎስ 6 ሦስቱን አንድ ላይ ነው ያስተማረው። ምጽዋት፣ ጸሎት፣ ጾም። ያውም ምጽዋትን አስቀድሞ። የቤተ ክርስቲያናችን የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥቱም በአንቀጽ 14 ስለ ጸሎት፣ በ15 ስለ ጾም፣ በ16 ስለ ምጽዋት አከታትሎ ይናገራል። እኛ ሁለቱን ይዘን ሦስተኛውን በዓመት አንዴ ለንግሥ እናስታውሰዋለን።

ጾማችን ምን እንደመሰለ እናንተው ታያላችሁ። የጾም ኬክ፣ የጾም በርገር፣ የጾም ማኪያቶ። ረቡዕና ዓርብ ከሥጋ ምሳ የሚወደድ በየዓይነቱ አዝዘን፣ ጠግበን ወጥተን፣ በሩ ላይ እጁን የዘረጋውን ሰው "እግዚአብሔር ይስጥልን" ብለን እናልፋለን። ኢሳይያስ 58ን ከፍታችሁ አንብቡት። የምወደው ጾም ይህ አይደለምን ብሎ እንጀራን ለተራበ መቁረስን ነው የሚያነሣው። ቅዱስ ያሬድም በጾመ ድጓው ዓይን ይጹም፣ አንደበት ይጹም፣ ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም ይላል።

እኔ የምሠራበት ቢሮ ውስጥ አራት ሆነን አንድ ነገር ጀመርን። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት እንጾማለን። ያን ቀን ለምሳ የምናወጣውን ብር በሳጥን እናስቀምጣለን። በወሩ መጨረሻ ቢሯችንን ለምታጸዳው እናት የቤት ኪራይ መደጎሚያ ይሆናል። ማን እንደሰጣት አታውቅም፤ አለቃችን ከደመወዟ ጋር አብሮ ነው የሚሰጣት። የጸሎቴን መጽሐፍ እንኳ ሳልገልጥ የምውልባቸው ቀኖች አሉ። ያቺን ሳጥን ግን አልዘልላትም።

የወንጌል ልጅ (ሐዋሳ)

ጌታ ይባርካችሁ። እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፤ ውይይታችሁን በአክብሮት ነው የማነበው። ከፈቀዳችሁልኝ የራሴን ላካፍል።

እኛ የጥሞና ጊዜ እንለዋለን። ማለዳ ማንም ሳይነሣ ነው የምቀመጠው። ከማርቆስ ወንጌል ነው የጀመርኩት፤ 16 ምዕራፍ ብቻ ነው፣ አያስፈራም። አንድ ታሪክ ብቻ አነባለሁ፣ ለምሳሌ የበርጤሜዎስን። ደግሜ አነበዋለሁ። ከዚያ በደብተሬ አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ ዛሬ ጌታ ምን አለኝ የሚለውን። ያንኑ ይዤ እጸልያለሁ። ቀን ስወጣ ያቺ መስመር አብራኝ ትውላለች።

የረዳኝ ነገር ቢኖር ስልኬ ከመኝታ ቤት ውጭ ማደሩ ነው። ለመንቂያ ከገበያ የተገዛች ትንሽ የጠረጴዛ ሰዓት አለችኝ። ስልክ በእጁ ይዞ ነቅቶ ወደ ጸሎት የሚሄድ ሰው ብዙ አላየሁም።

ዘድንግል (ጎንደር)

ወንድሜ፣ እዚህ ስለ ኦርቶዶክሳዊ ሥርዓት ነው የተጠየቀው። የራሳችሁን መድረክ ብትጠቀሙ አይሻልም?

መምህረ ሰንበት (ደብረ ብርሃን)

ዘድንግል፣ ወንድማችን በጨዋነት ነው የገባው። የሃይማኖት ልዩነታችን እንዳለ ነው፤ እሱን በሌላ ቦታ እንነጋገርበታለን። ቃለ እግዚአብሔርን በማለዳ ማንበብ ግን ማንም ሊነቅፈው አይገባም።

ለእኛ ልጆች ግን አንድ ነገር ልጨምር። የዕለቱን ንባብ ለመምረጥ አንቸገርም። በግጻዌ ለየቀኑ ከመልእክታት፣ ከሐዋርያት ሥራ፣ ከዳዊትና ከወንጌል ተመድቦልናል። በቅዳሴ የሚነበበው እሱ ነው። የዕለቱን ወንጌል ቤትሽ ሆነሽ ብታነቢ፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ባልቻልሽበት ቀን እንኳ ከማኅበሩ ጋር አንድ ንባብ ላይ ነሽ። ብዙ ሰው ይህን ሀብት እያለው አያውቀውም፤ በጣም ያሳዝነኛል።

አስካለ (ሪያድ)

እኅቴ ወለተ ማርያም፣ እኔም ልናገር። ሰው ቤት ነው የምሠራው። እዚህ ቤተ ክርስቲያን የለም። ቅዳሴ በስልክ ነው የምሰማው፤ እሱም ማዳም ከተኛች። ቆሜ የምጸልይበት የራሴ ክፍል የለኝም። ከልጆቹ ጋር ነው የማድረው።

የእኔ ነግህ ጣሪያ ላይ ነው። ልብስ ላሰጣ ማለዳ እወጣለሁ። ፀሐይ በየት እንደምትወጣ እዚያ ስለማይ ምሥራቁን አውቀዋለሁ። የመጀመሪያውን አንሶላ ከሰቀልኩ በኋላ ከኋላው ሆኜ አማትቤ የዘወትር ጸሎት አደርሳለሁ። መጽሐፍ አልይዝም፤ በቃሌ ነው። ዳዊት 90ን እናቴ ናት በቃሌ ያስያዘችኝ፣ ከአገር ስወጣ። በሌሊት ከሚያስፈራ ነገር አትፈራም የሚለው ላይ ስደርስ ሁሌ ድምፄ ይቆረጣል።

ልብስ ስተኩስ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" እላለሁ። መቁጠሪያ ስለሌለኝ በጣቴ ነው። 41 ሲሞላ እንደገና። ወለል ስወለውል ደግሞ በጉልበቴ ነኝ። ሰው ከሌለ ግንባሬን መሬት አስነካለሁ። ስግደቴ እሱ ነው። ማንም ቢገባ እየወለወልኩ ነው የምመስለው።

ከባዱ ዓርብ ነው። ዓርብ እዚህ ቤተሰቡ ሁሉ የሚሰበሰብበት ቀን ነው። ትልቅ ትሪ ከብሳ፣ የሩዝ ምግብ፣ ይቀርባል፣ ላዩ ላይ የበግ ሥጋ። የማበስለው እኔ ነኝ። ጨው እንኳ አልቀምስም፤ ትልቋ ልጅ ናት የምትቀምስልኝ። እኔ ተምርና ዳቦ፣ ካገኘሁ ምስር። ማዳምን ጾም ነው ብዬ ነገርኳት። እነሱም ይጾማሉና ገባት። አሁን ዓርብ ሲሆን ራሷ "ሳይማ?"፣ ጾመሻል ወይ፣ ትለኛለች።

ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። የማልችለው ቁርባን ማጣቱን ነው። እናንተ ቅርባችሁ ያለው፣ እባካችሁ አትራቁ። ሌላ የምለው የለኝም።

ማኅሌት ተ. (ባሕር ዳር)

አስኩዬ፣ እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። ቤቴ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በእግር የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው።

የሳሙኤል እናት (ሀዋሳ)

ልጆች ያላችሁ ምን እንደምታደርጉ ማንም አልጻፈም፤ እኔ ልጻፍ። ልጅ ባለበት ቤት ብቻ መጸለይ የለም። ስለዚህ አብረን ነው። ማታ ከራት በፊት ሁላችንም እንቆማለን። ትንሹ ጧፍ ማብራት ይፈልጋል፤ እሱ ያበራል። በኩሩ አቡነ ዘበሰማያት ይላል፣ እህቱ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ትላለች። ከዚያ እያንዳንዳቸው የሚያስቡትን ሰው ስም ይጠራሉ። አያት፣ የክፍል ጓደኛ፣ አንዳንዴ የጎረቤት ውሻ። እኔ አላርምም። ሲያድጉ ይለዩታል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። እናቴ የስኳር በሽተኛ ናት። ኢንሱሊን ትወጋለች። ያም ሆኖ እስከ 9 ሰዓት ካልጾምኩ ትላለች። በልጅ አፍ ተዪ ማለት ከበደኝ። ምን ልበላት?

ወለተ ማርያም (አዲስ አበባ)

የሳሙኤል እናት፣ ይህን እኔ ልመልስ፤ ሥራዬ ነውና። በዐቢይ ጾም በዚህ ምክንያት ወድቀው የሚመጡ እናቶች እናያለን። ኢንሱሊን ተወግቶ ምግብ ከዘገየ ስኳሩ ይወርዳል። መጀመሪያ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት ይመጣል። ቀጥሎ ግራ መጋባትና ራስን መሳት። እነዚህን ካየሽ ጾም ነው አትበዪ። ራሷን የምታውቅ ከሆነ ወዲያው ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ማር ስጫት። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም አታድርጊ፤ ሮጠሽ ወደ ሐኪም ቤት ነው። መድኃኒቱንም በራሷ አትቀንስ፣ አትተው። ከሐኪሟ ጋር ትነጋገር።

አንቺ ተዪ ከምትያት ደግሞ የንስሐ አባቷ ይንገሯት። ከእሳቸው ትሰማለች። በሰዓቱ እየበላች ከፍስክ ምግብ ብቻ እንድትከለከል ሊያዟት ይችላሉ።

መምህረ ሰንበት (ደብረ ብርሃን)

እውነት ነው። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን፣ ነፍሰ ጡርን፣ አራስን አታስጨንቅም። ለእናትዎ በጾሙ ሰዓት ፈንታ የሚሆን ቀኖና አባቶች አያጡም። እኔ የማውቃቸው አንድ ቄስ እንዲህ ላሉ እናቶች በየቀኑ አንድ የታመመ ሰው ጠይቁ ብለው ያዝዛሉ። እናቶቹ ከጾሙ አይቀልም ይላሉ።

ወለተ ማርያም፣ ጳጉሜንን ጹሚ ስላሉሽ ጓደኛሽም ልመለስ። የጳጉሜን ጾም፣ ጾመ ዮዲት የምንለው፣ የፈቃድ ነው። ከመስከረም 26 የሚጀምረው የጽጌ ጾምም የፈቃድ ነው። መልካም ናቸው። ግን ፍልሰታን ገና ጨርሰሻል፣ ኅዳር 15 ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። ረቡዕና ዓርብ በመካከል አሉ። የታዘዘውን በደንብ መጾም ይቀድማል። ሁሉንም ደርባ ጀምራ በጥቅምት ረቡዕንም የተወች ልጅ አውቃለሁ።

ወለተ ማርያም (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት የንስሐ አባቴን አግኝቻቸው ነበር። ያሉኝን ልንገራችሁ፤ ለሌላም ነርስ ይጠቅም ይሆናል።

ረጅም ዝርዝር ጽፌ ነበር የሄድኩት። አነበቡትና በእስክሪብቶ ይሰርዙ ጀመር። የዕለቱን ዳዊት ሰረዙ። በምትኩ አንድ ንጉሥ፣ ማለትም ዐሥር መዝሙር፣ በቀን ይበቃሻል አሉ። ዳዊት 15 ንጉሥ ስለሆነ በ15 ቀን ይደገማል፤ አትቸኩዪ አሉኝ። በናይት ሳምንት ግን እሱም ይቅር፣ የዘወትር ጸሎትና የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ብቻ። ጳጉሜንን ሰረዙ። ጽጌንም ሰረዙ። የዕለቱን ወንጌል ጨመሩልኝ፣ ከግጻዌው።

ከዚያ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። በፈረቃ ስንት ጊዜ እጅሽን ትታጠቢያለሽ አሉኝ። ቆጥሬው አላውቅም፣ ከበሽተኛ በሽተኛ ሁሉ ነው አልኳቸው። እንግዲያው በታጠብሽ ቁጥር ከዳዊት 50 "ታጥበኛለህ፥ ከበረዶም ይልቅ ነጭ እሆናለሁ" የምትለዋን በዪ አሉኝ። ዛሬ ቀን ገብቼ ሞከርኩት። ቧንቧው ሥር ቆሜ፣ ሳሙናው በእጄ እያለ፣ አንዴ ማለት ነው። ቀጥሎ የምሄድበትን አልጋ እያሰብኩ እላታለሁ። ለ12 ቁጥሩ አባት ስሄድ ልቤ ሌላ ነበር። ሁሌ የሚጨቃጨቁ ሰው ናቸው። ዛሬ ትራሳቸውን አስተካክዬ ትንሽ አጠገባቸው ቆምኩ።

ስግደትስ ብዬ ጠየቅኳቸው። በቤትሽ ያቅምሽን ስገጂ አሉኝ፤ በእሑድና በበዓል እንደማይሰገድ አስታወሱኝ። ጨምረው ግን፣ "ናይት ስትገቢ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚጠራሽ በሽተኛ ሲኖር ሳትቆጪ፣ ፊትሽን ሳታጠቁሪ ተነሥተሽ ሂጂ። ለሌሊት ሳምንት ስግደትሽ ይኸው ነው" አሉኝ። የሚቀጥለው ሳምንት ናይት ነኝ። ከዝርዝሩ ሁሉ የፈራሁት ይህን ነው።

ደጉ ሳምራዊ፣ ሳጥኗን ዋርዳችን ውስጥ ልንጀምራት ነው። አስታማሚ ለሌላቸው በሽተኞች መድኃኒት መግዣ።

አስካለ እኅቴ፣ የክርስትና ስምሽን በውስጥ ላኪልኝ። እኔ እዚህ እቆርባለሁ፤ በቅዳሴ ስምሽን አስጠራለሁ።

አስካለ (ሪያድ)

ልኬልሻለሁ። ያንቺንም ላኪልኝ፣ ማለዳ ጣሪያ ላይ እጠራሻለሁ። የእናቴንም ስም አብሬ ጽፌልሻለሁ፤ አሟት ተኝታለች። የ12 ቁጥሩንም አባት ስም ጨምሪልኝ።